የአውቶቡሱን ቁልፍ የያዙት እትዬ ሽኩሪያ

የእትዬ ሽኩሪያን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ሐያት ናት። ጠዋት ሥራ ቦታ ደውላ «ሰብልዬ፣ እማ አረፈች። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። እዚያው የምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ በመደርደሪያዎቹ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። የዚያን ቀን የነበረብኝ ሐዘን ብቻ ነው። ንዴቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮልፌ አሥራ ስምንት፣ ከማዞሪያው ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ድንኳን ሥር ተቀምጠን ሳለ ናቲ የሚባለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ካናቴራ ለብሰዋል። ካናቴራው ላይ የእትዬ ሽኩሪያ ፎቶ ታትሟል፤ ከፎቶው ሥር በትልልቅ ፊደል «ማንንም ወደኋላ አንተውም» ይላል። ናቲ ሽማግሌዎቹ ፊት በርከክ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ከዚያ ቆሞ ንግግር አደረገ።

«እናታችን ነበሩ» አለ። «ተራራ መውጣት የጀመሩት እኛ ጋ ነው። ሰው ወደኋላ እንዳይቀር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በስማቸው የመታሰቢያ ጉዞ እናዘጋጃለን።»

ሽማግሌዎቹ መረቁት። አንዱ ጓደኛው ምርቃቱን በስልኩ ይቀርጻል።

ብድግ አልኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ አፌ ግን ተከፍቶ ነበር። ሐያት ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ ሰብልዬ፣ ለቅሶ ቤት ነው። እማ ራሷ ብትሆን...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። እናቷ ራሳቸው ቢሆኑ ዝም እንደማይሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

ለቅሶ ቤት ነውና ተቀመጥኩ። ይህ የምጽፍበት ወረቀት ግን ለቅሶ ቤት አይደለም።

እትዬ ሽኩሪያ መጋረጃ ሰፊ ነበሩ። ማዞሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ፣ እሳቸው ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ግንባራቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ሲሠሩ ስፒል በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ ስፒሉን ሳያወጡም ያወራሉ። ከዚህ ልማድ ይመስለኛል፣ ሲናደዱ አፋቸው ላይ ስፒል ባይኖርም ከንፈራቸውን ገጥመው በጥርሳቸው መሀል ነበር የሚናገሩት። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ሆኜ፣ አንዲት ሽክ ብላ የለበሰች ደንበኛ ተራዋን ቆማ የምትጠብቅ የቤት ሠራተኛን ገፋ አድርጋ ከፊት ስትቆም አየሁ። እትዬ ሽኩሪያ የስፌት መኪናውን አቆሙ።

«እሷ ቀድማሻለች» አሉ።

«እኔ እኮ የማሰፋው ለሙሉ ቤት ነው» አለች ሴትዮዋ።

«እንግዲያው ሙሉ ቤትሽን ይዘሽ ከኋላዋ ተሰለፊ።»

ሴትዮዋ ተሳድባ ወጣች። እትዬ ሽኩሪያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ለሠራተኛዋ «ነይ ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ?» አሏት።

የተዋወቅነው እኔ በምሠራበት ቤቴል ያለ ክሊኒክ ነው። ስኳር እንዳለባቸው የተነገራቸው ቀን ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መስኮት መጡ።

«ልጄ፣ ዶክተሩ ተራመጂ አለኝ። የት ድረስ ነው?»

«እስከቻሉት ድረስ ነዋ።»

«እስከቻልኩት ማለት መልስ ነው? ከቤቴ እስከ ሱቄ አንድ አጥር ነው። እሱን መቼም እችላለሁ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በዚያን ጊዜ እሁድ እሁድ ከአንድ የተራራ ተጓዦች ቡድን ጋር ወጨጫ ተራራ መውጣት ጀምሬ ስለነበር እሱን ነገርኳቸው። ተራራው ከክሊኒኩ ደጅ ይታያል። ወጥተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት።

«ይሄ ነው? ኮልፌ ስኖር ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬአለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አላየኝም» አሉ። «በይ እሁድ ጥሪኝ።»

እሁድ ጠዋት ማዞሪያው ላይ ቡድኑ የሚከራየው ቅጥቅጥ አውቶቡስ አጠገብ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። ረጅም ቀሚስ ከሥሩ ሱሪ፣ እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ፣ ብብታቸው ውስጥ ደግሞ ሲያርፉ የሚቀመጡበት የተጠቀለለ የወፍራም መጋረጃ ቁራጭ። ወጣቶቹ ገልመጥ አድርገዋቸው ተሳሳቁ።

የወጨጫን መንገድ ለማያውቅ ልንገረው። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ከዚያ ጽዱና ወይራው ይጀምራል፤ ደኑ ይጨልማል፤ መንገዱ ይጠባል። ዳገቱ ቀጥ እያለ ሲሄድ የምታዩት የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። የዛፍ ሥሮች እንደ ደረጃ ተጋድመዋል፤ ዝናብ የነካቸው ቀን እንደ ሳሙና ያሟልጫሉ።

የኛ ቡድን አካሄድ እንዲህ ነበር። ናቲ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ይመራል። ጉልበት ያላቸው ይከተሉታል፤ የደከመ ከኋላ ይንጠባጠባል። ከፊት ያሉት አንድ ገላጣ ቦታ ሲደርሱ ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይጫወታሉ። ኋላ የቀረው እያለከለከ ብቅ ሲል ናቲ ፊሽካውን ይነፋል። «ሁሉም ደርሷል፤ እንቀጥል!» ይህን ስንት እሁድ አይቼ አንድም ቀን ነገሬ ብዬው አላውቅም ነበር። እትዬ ሽኩሪያ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ፊሽካው ሲነፋ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ።»

«አቤት እማማ።»

«እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታርፋላችሁ። እኔ ስደርስ ትነሳላችሁ። አይደል?»

«እርስዎን እየጠበቅን እኮ ነው እማማ።»

«የደከመው ማን ነው? እኔ። ያረፈው ማን ነው? አንተ። ይሄ ፍርድ ነው?»

ናቲ ሳቀ። «እማማ፣ ግሩፑ የራሱ ሪትም አለው።»

«ሪትም ምንድነው?»

«አካሄድ በሉት። ፍጥነት።»

«የማን ፍጥነት?»

ከወጣቶቹ አንዱ ሊያባብላቸው ብሎ «አይዞዎት እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላቸው።

«እኔ እንቁላል አይደለሁም» አሉ በጥርሳቸው መሀል። መጋረጃቸውን ሣሩ ላይ ዘረጉና ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ፣ ውሃቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ አልተነሱም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየተነጫነጨ ጠበቃቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ቦታዬ እዚያ ሆነ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ደኑ በድንገት ያልቅና ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትወጣላችሁ። ከሥር ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ አዲስ አበባ ተዘርግታለች። ቆርቆሮው ያበራል፤ በስተግራ የገፈርሳ ውሃ እንደ ሰሃን ተቀምጧል፤ እንጦጦ ከበስተጀርባ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይሯሯጣል። እትዬ ሽኩሪያ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠሩን አራገፉ። ከዚያ በእግር ሹራባቸው ቆመው ብዙ ጊዜ አዩ።

«ያምራል አይደል እትዬ?» አልኳቸው።

«ያምራል። ከዚህ ሆነው ሲያዩት ማንም ማንንም የሚገፋ አይመስልም። ውሸት ነው።» ጫማቸውን አጠለቁ። «ውሸት ብዙ ሲያዩት ይጣፍጣል። ነይ እንውረድ።»

በሚቀጥለው እሁድ ግን ከማንም ቀድመው አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

አሁን ወደ ጌታሁን ልምጣ። ናቲ በዚያ ካናቴራ ለብሶት የመጣው የእሱ ታሪክ ነውና።

ጌታሁን ቀራንዮ አካባቢ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ወፈር ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰኔ ላይ ነው ወደኛ የመጣው። ለምን እንደመጣ እትዬ ሽኩሪያ ሲጠይቁት አፍሮ «ባለቤቴ ወልዳለች። ልጄን የማሳድግበት ዕድሜ እንዲኖረኝ ብዬ ነው» አላቸው። ከእሳቸውም ይዘገያል። በመጣበት እሁድ ዳገቱን እንደምንም ወጣ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጉሙ ወረደ፤ ካፊያውም ቀጠለ። እኔና እትዬ ሽኩሪያ እየቆምን ስንጠብቀው ናቲ ተመልሶ መጣ።

«እናንተ ውረዱ። ከሱ ጋር እኔ እመጣለሁ» አለን።

«አትተወውም?» አሉት።

«እማማ፣ የግሩፑ ሊደር እኮ እኔ ነኝ!»

እኛ ወረድን። አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ደጅ ነው የሚቆመው። ሰዉ ሁሉ ገብቶ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ትንሽ ቆይቶ ናቲ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየሮጠ፣ እየሳቀ ደረሰ። ከፊት ወንበር ተቀመጠና ፊሽካውን ነፋ።

«ሙሉ ነው! ንዳው!»

እትዬ ሽኩሪያ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ጌታሁንስ?»

«እሱ... በአቋራጭ ቀድሞኝ ወርዷል እማማ።»

«በምን አቋራጭ? መንገዱ አንድ ነው።»

«ስልኩን ሞክሬዋለሁ፤ ዝግ ነው። ይሄኔ ታክሲ ይዞ ቤቱ ገብቷል። ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ ሕፃን አይደለም።»

ከኋላ ወንበር «እንሂድ እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላውም ተቀበለው። መንገዱ ይጨቀያል፣ ሊመሽ ነው፣ ነገ ሥራ አለ። ያን ድምፅ ዛሬም ስሰማው ደሜ ይፈላል። ጠዋት ማን ቀድሞ አፋፉ ላይ ይደርሳል እያለ ሲሽቀዳደም የነበረው ጎረምሳ ሁሉ፣ ለመመለስ ሲሆን ጉልበቱ የት ገባ?

እትዬ ሽኩሪያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ስሙኝ። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነኝ። ከኋላዬ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዛሬ ግን ነበረ። እንዴት ብዬ ነው የምረሳው?»

በወንበሮቹ መሀል እየተደገፉ ሹፌሩ ጋ ሄዱ። ሹፌሩ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከማንም ጋር የማያወራ ሰው ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ» አሉት።

ሹፌሩ በመስተዋቱ መጀመሪያ ናቲን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እትዬ ሽኩሪያ ቁልፉን ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

አውቶቡሱ በጩኸት ታመሰ። «ይቺ ሴትዮ አብዳለች!» ያለ ነበር። አንዲት ሴት «ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው!» ብላ ጮኸች።

«የሱም ልጅ ትጠብቀዋለች» አሏት።

ናቲ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። «እማማ፣ ይሄ ሕገወጥ ነው!»

«ሰው ጫካ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነው ሕጋዊው? ዞር በል።»

ዞር አለላቸው። እኔና ሹፌሩ ተከትለናቸው ወረድን። ከዚያ ሁሉ ሰው ሌላ የወረደ የለም። ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ ገመቹ ከቤታቸው ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ቅድም የሚጮህ ሰምቻለሁ። ከብት የሚጠራ ሰው ነው የመሰለኝ» አሉ። ወዲያው ሁለት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ በሽተኛ የሚሸከሙበትን ቃሬዛ አስይዘው ከፊት ከፊታችን መንገድ ጀመሩ።

የዚያን ቀኑን ዳገት አልረሳውም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እትዬ ሽኩሪያ በቀን ሁለት ጊዜ ያን ተራራ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ትንፋሻቸው ሲያጥር ቆመው በሙሉ ድምፃቸው «ጌታሁን!» ብለው ይጣራሉ፤ ያ ማረፊያቸው ነበር። ተመለሱ ብላቸው «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ እኔ ከተመለስኩ እነዚያ ይሄዳሉ» አሉኝ።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ከመንገዱ በታች የሰው ድምፅ ሰማን። እርጥብ ቅጠል አንሸራትቶት ወርዶ አንድ የጽድ ግንድ ይዞታል። ግንዱ ባይኖር ከሥሩ ሸለቆ ነው። ከጉልበቱ በታች እግሩ ተሰብሯል። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ሞቷል። እኛን ሲያይ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ፊሽካውን ሰምቼ ነበር» አለ። «እየጮህኩ፣ ፊሽካው እየራቀ ሄደ።»

ናቲ ምን እንዳደረገ ጌታሁን የነገረን እዚያው ተኝቶ ነው። ትንሽ አብሮት ቆሟል። ልጃገረዶቹ ከታች ሲጠሩት «መጣሁ» ብሎት ሄደ። አልተመለሰም። ጌታሁን መጣሁ ያለውን ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ሲያጣው ብቻውን ተነሥቶ መራመድ ሲጀምር ወደቀ።

እትዬ ሽኩሪያ መጋረጃቸውን አልብሰው ጠቀለሉት። ሹፌሩ ጃንጥላቸውን የተሰበረው እግሩ ላይ አጋድሞ በቀበቶው አሠረለት። ቃሬዛው ላይ አድርገን፣ የኦቦ ገመቹ ልጆች ከፊት፣ ሹፌሩና እኔ ከኋላ ይዘን ወረድን።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ሰዉ ወደ መስኮቱ ተንጋግቶ አየን። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ! ምን እንዳስጨበጨባቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ናቲ ስልኩን አብርቶ እየቀረጸ ወደኛ ሮጠ። «ጀግኖች!» ይላል።

«ስልክህን አስቀምጥና እግሩን ደግፍ!» አሉት እትዬ ሽኩሪያ።

ስልኩን ለጓደኛው ሰጠና የቃሬዛውን ጫፍ ያዘ። ጓደኛው ፎቶ አነሳው። እትዬ ሽኩሪያ ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው ለሹፌሩ መለሱለት። «አሁን ሙሉ ነው። ንዳው» አሉት።

በማግሥቱ ያ ፎቶ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ናቲ፣ ቃሬዛ ይዞ፣ ፊቱ ላይ ዝናብ። ከሥሩ «ማንንም ወደኋላ አንተውም» ተጽፏል። በልብ ላይ ልብ ተለጥፎለታል። «እንዲህ ነው መሪ ማለት!» ይላል አንዱ፤ አውቶቡሱ ውስጥ «እንሂድ እንጂ!» እያለ ሲጮህ የነበረው። ስልኬን ይዤ እየበረርኩ ሱቃቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ስፒሉ ከንፈራቸው ላይ እንዳለ ነው።

«እናቱ ይሄን ታውቃለች?» አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ማዞሪያው ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ናቲ ፊት ቆሙ። አልሰደቡትም። ሁለት ነገር ጠየቁት። አንደኛ፣ ጌታሁን ቤት ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በጣም የሚዘገየው ሰው ከፊት እንዲሄድ፣ መሪው ደግሞ ከሁሉም ኋላ እንዲሆን።

«የዘገየው ከፊት ከሆነ ማንም አይቀርም» አሉት። «ይሄ ደግሞ ከባድ ሒሳብ አይደለም።»

«እናስብበታለን እማማ» አለ ናቲ።

አሰቡበት። በዚያው ሳምንት አዲስ መመሪያ ወጣ። «ለተጓዦች ደህንነት ሲባል» ይላል፤ በዕድሜ የገፉ፣ የክብደትና የጤና ችግር ያለባቸው ሰዎች ከእንግዲህ አይሳተፉም። በትሕትና ነው የተጻፈው፤ መጨረሻው ላይ «ስለሚረዱን እናመሰግናለን» ይላል። ሰውየውን ገደል የከተተው ጥሎት የሄደው ሰው ነው፤ የተባረሩት ግን ወድቆ የተሰበረውና ሄደው ያነሡት ሆኑ። ይህን መመሪያ ያነበቡ የተማሩ፣ ጨዋ የሚባሉ ሰዎች አንድ ቃል አልተነፈሱም። አውራ ጣት እየለጠፉ አለፉ።

ሱቃቸው ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

«ተራራው የናቲ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«እና ምን ያስለቅስሻል? እሁድ ጥሪኝ።»

በዚህ ዓይነት ነው የራሳችን ጉዞ የተጀመረው። መጀመሪያ እሳቸው፣ እኔና ሁለት ደንበኞቻቸው ነበርን። ከዚያ የጉልበት ሕመም ያለባቸው፣ የወለዱ፣ የወፈሩ፣ የሚያፍሩ ሴቶች ከኮልፌም ከቤቴልም ተጨመሩ። ጌታሁን እግሩ ሲድን ከባለቤቱ ጋር መጣ። ናቲ ለይቅርታ ጌታሁን ቤት ሄዶ አያውቅም። እትዬ ሽኩሪያ ጌታሁንን ትከሻውን ይዘው ከሁሉም ፊት አቆሙት። «አንተ ነህ የምትመራን» አሉት። ሰውየው አንገቱ እስኪቀላ አፈረ። ከዚያ ግን ቀና ብሎ መራመድ ጀመረ።

ቀላል አልነበረም። ጉልበት ላለው ሰው ከዘገምተኛ ኋላ መሄድ ስቃይ ነው፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ጥርሴን ነክሻለሁ። አንዷ ወጣት አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ «በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው?» አለች።

«ስንደርስ» አሏት።

አፋፉ ላይ ሳንደርስ የተመለስንበት እሁድ ብዙ ነው። «ተራራ አይሸሽም» ይሉና ጃንጥላቸውን ወደ ታች ያዞራሉ።

አንድ ጊዜ ጠባቡ መንገድ ላይ የናቲ ቡድን ከኋላችን ደረሰ። ፊሽካው ተነፋ፤ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ጩኸት መጣ። እትዬ ሽኩሪያ ሁላችንንም ወደ ጥግ አስቆሙን። ሁሉም አለፈ። ናቲ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው ያለፈው። ከሁሉም መጨረሻ አንዲት ቀጭን ልጅ ደረቷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ መጣች። እትዬ ሽኩሪያ መጋረጃቸውን ዘረጉላት። «ተቀመጪ» አሏት። ልጅቷ «ይቀድሙኛል» አለች። «ቀድመውሻል እኮ» አሏት። «አሁን እረፊ።» በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷ ከኛ ጋር ነበረች።

ስኳሩ ግን አልተዋቸውም። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች፤ ሁለት ጣታቸውን አስቆረጡ። ሐያት ከእንግዲህ ተራራ የሚባል ነገር እንዳይነሣ አለች፤ ልክ ነበረች። ኦቦ ገመቹ በቃሬዛ እናውጣዎት ሲሏቸው «በቃሬዛ የሚወጣ የታመመ ነው፣ እኔ ደግሞ አልታመምኩም» ብለው ተቆጡ። ተራራውን ተዉት፤ እሁዱን ግን አልተዉም። አብረውን እየመጡ ኦቦ ገመቹ ደጅ፣ በቤቱ ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ከኦቦ ገመቹ ባለቤት ጋር በተሰባበረ ኦሮምኛቸው ሲያወሩ ይውላሉ።

የመጨረሻው እሁድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ሴት መራመድ አቅቷት ስለነበር እየደገፍኩ አወርዳት ጀመር። መንገድ ላይ ጌታሁንና ባለቤቱ ተመልሰው ተቀበሉኝና ይዘዋት ቀደሙ። እኔ ትንሽ ትንፋሼን ሰብስቤ ብቻዬን ወረድኩ። ደጁ ጋ ስደርስ የሐያት መኪና በሩ ተከፍቶ ቆሟል። የእትዬ ሽኩሪያ ቁስል አመርቅዞ ትኩሳት ይዟቸው ኖሯል፤ ኦቦ ገመቹ ደውለውላት ሆስፒታል ልትወስዳቸው መጥታለች። እሳቸው ግን መኪናው ውስጥ አልገባም ብለዋታል። ሴቶቹ ሁሉ ለምነዋቸው አልሰሙም። የታሸገውን እግራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ የሐያት ትከሻ ላይ ተደግፈው፣ ዝናቡ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ቆመዋል። ሐያት ታለቅሳለች።

«ከኋላሽ ማን አለ?» አሉኝ።

«ማንም የለም እትዬ። ሁላችንም ወርደናል።»

«አይተሻል? ወይስ መስሎሽ ነው?»

«አይቻለሁ።»

ከንፈራቸውን ገጥመው በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን ብዙ ጊዜ አዩት። ከጉሙ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

«በይ ሐያት» አሉ፤ «አሁን ውሰጂኝ።»